ኃላፊው ሲወጡ የሚመጣው ኔትወርክ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለመላው ሠራተኛ፣ ጉዳዩ ለማይመለከታቸውም ጭምር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ስለ ኔትወርካችን እንደሚጽፉት ሪፖርት እንከን የለሽ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ ሥር፣ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ማሽናችን ሰኞ ጠዋት ተደምስሳ እንደ አዲስ እንድትጫን ያስተላለፉት ትዕዛዝ ነው።

ማሽኗን ለማያውቅ አንባቢ ላስተዋውቃት። የራሷ አካል የላትም፤ በላቦራቶሪያችን ጥግ በቆመ ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የምትኖር፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የምትሠራ ቨርቹዋል ማሽን ናት። እኛ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ሆነን የደም ምርመራ ውጤት እንጽፍባታለን፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሐኪሞችና አዋላጆች ያነቡባታል። ኔትወርኳ ብቅ ጥልቅ ማለት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ስለሆነም ትዕዛዝዎን ከመፈጸሜ በፊት፣ ማለትም ሳልፈጽመው፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። በጮኽን ቁጥር ቴክኒሻንዎ ከወንበሩ ሳይነሳ ማሽኗን በፒንግ ይጣራል። ፒንግ ማለት ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። ከውስጥ «አቤት» የሚል መልስ ሲመጣለት «ኔትወርኩ ሰላም ነው፣ ችግሩ ከተጠቃሚዋ ነው» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋል። ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ።

2. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የኔትወርክ ገመዷን ነቅዬ መልሼ እንድሰካ በጽሑፍ አዘውኛል። ገመድ የሌላትን ማሽን ገመድ ስፈልግ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ያየችኝ የሥራ ባልደረባዬ የጆሮ ጌጥ የጠፋብኝ መስሏት ልታፈላልገኝ አብራኝ ተንበረከከች።

3. ከሁሉ በላይ ስለ ዓመት ፈቃድዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ባረፉበት ሰሞን ኔትወርኩ እንደ ምንጭ ውኃ ፈሰሰ። በተመለሱ ዕለት አገረሸበት። የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ ተውኩት፤ ሰው በከንቱ አላማም። ነገር ግን ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ስብሰባ በወጡ ቁጥር ይድናል፣ ገብተው ኮምፒውተርዎን ባበሩ ቁጥር ይታመማል።

4. ይህ ሲደጋገምብኝ ፎቅ ወጥቼ ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ሆኜ፣ የማሽናችንን የኔትወርክ አድራሻ ጠቅሼ፣ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኔትወርኩ ላክሁ። ሁለት ማሽኖች በአንድ አፍ «የእኔ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ለቁጥጥር እንዲያመችዎ የማሽናችንን ግልባጭ አስወስደው ኮምፒውተርዎ ላይ አስቀምጠዋል። ኮምፒውተርዎ ሲበራ እሷም አብራ ትነቃለች፤ አድራሻዋን ግን የቀየረላት የለም። ሁለት በር ላይ አንድ የቤት ቁጥር ተለጠፈ ማለት ነው። ቴክኒሻንዎ «ቤቶች!» ሲል «አቤት» የምትለውም የእርስዎዋ ኖራለች።

5. ይህንን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። በቅርቡ አዋላጃችን የአንዲት ወላድን የደም መጠን ለማየት ማሽኗን ጠራች። የመለሰችላት የእርስዎ ግልባጭ ነበረች። ግልባጯ ከተወሰደች ወዲህ ምንም ስላልተጻፈባት፣ ያሳየቻት እናትየዋ በእርግዝናዋ መጀመሪያ፣ ደሟ ሙሉ ሳለ የተመረመረችውን ነው። በዚያ ጠዋት እኔ ያወጣሁት ውጤት ግን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ደወልኩላትና «አየሽው እህቴ?» አልኳት። «አየሁት፣ ደሟ ደህና ነው» አለችኝ። «ደህና» ስትል ስልኩን ዘጋሁት። የጠዋቱን ውጤት በወረቀት ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ደም በጊዜው ደርሶላት እናትም ልጅም ተርፈዋል። በጣም ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ።

እንግዲህ ሰኞ የሚደመሰሰው እውነተኛው ውጤት ነው፤ የሚቀረው ያቺን እናት ደህና ናት ያለው ነው። ክቡርነትዎ፣ ማሽኗን አልሰጥም። ቴክኒሻንዎ ሲመጣ የላቦራቶሪው በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ ተቀምጬ ያገኘኛል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉብኝ ካሰቡ ከወዲሁ ይጻፉት፤ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰቅለዋለሁ። ለመስማማት ከፈለጉም መንገዱ አጭር ነው፦ ግልባጭዎን ያጥፉ። የእኛን አይንኩ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ አድራሻችንንም ሲመልሱልን ይበልጥ ከፍ ይላል።

ከእርስዎ ጋር አንድ አድራሻ ለሁለት የምትጋራ፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
«ችግሩ ከእሷ ነው» የተባለችው ተጠቃሚ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህ ደብዳቤ ከዚያችው ማሽን ለሁሉም ሊላክ የቻለው ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ነው። ሲመለሱ መልስ ልጻፍ ብለው ኮምፒውተርዎን እንዳያበሩ እማጠናለሁ፤ ማዋለጃ ክፍል ውጤት የምትጠብቅ ሴት አለች። መልስዎን በእጅዎ ይዘው በደረጃው ይምጡ። እኔ እንደማውቀው፣ መውረዱ ከመውጣቱ ይቀላል።