አንተ ያልዳኘኸው ዋልዝ

አያሌው ሆዴ፣

እንዴት ከረምህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ከተለያየን ሰባት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያበርደዋል ይለኛል። እኔ ግን እስካሁን ማታ በሩን የምቆልፈው አንተ መግባትህን ካየሁ በኋላ ይመስለኛል፤ ቁልፉን ይዤ ትንሽ እቆምና ነው የማዞረው።

እንጅባራ ክረምቱ ገብቷል። ጉሙ እስከ ረፋድ ድረስ ከደጃችን አይነሳም። የምትጠላው ጭቃ ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ተዘርግቶ ባጃጆቹ እስከ በር መምጣት ትተዋል። የዳኝነት ካባህን አጥቤ፣ ተኩሼ ለፍርድ ቤቱ መለስኩት። የተቀበለኝ ጸሐፊ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ታቀፈው። የቀርቀሃ ወንበርህ እግሩ ላልቶ ነበር፣ አሳሰርኩት። አትቀመጡበት ያለ የለም፤ ለእንግዳ ስስበው እንኳ እያለፉት መደቡ ላይ ይቀመጣሉ።

እኅትህ እትዬ አገሬ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ናቸው። የአዘናውን ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው፣ "ወንድሜን ቀብሬ ሚስቱን ብቻዋን አልተውም" ብለው ቀሩ። የእሳቸው አማርኛ ገበያ አድርሶ የሚመልስ ያህል ነው። የእኔም አገውኛ ከሰላምታ እንዳላለፈ ታውቃለህ፤ የዳንግላ ልጅ እያልክ ስትስቅብኝ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። ጠዋት ጠዋት በራሳቸው ቋንቋ ያለቅሱልሃል። ከሙሾው የሚገባኝ ስምህ ብቻ ነው። ስምህ ሲመጣ እኔም ካለሁበት ክፍል ሆኜ አብሬአቸው አለቅሳለሁ።

ቴሌቪዥኑን በነጠላ የሸፈኑትም እሳቸው ናቸው። የሐዘን ቤት ስለሆነ አልተቃወምኩም። ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ዓይኔ ወደዚያ ነጠላ ይሄዳል።

ያቺን የእሑድ ሰዓት እንዴት እንደምትጠብቃት ማን ያምናል? በችሎት ፊትህ የማይፈታ፣ በሠርግ እንኳ እስክስታ ሲወርድ ከዳር ቆመህ የምታጨበጭብ ሰው፣ ታዋቂ ሰዎች ከዳንስ አሠልጣኝ ጋር እየተጣመሩ የሚወዳደሩበትን ያን ዝግጅት አንድም ሳምንት አላሳለፍክም። መነጽርህን ጠርገህ፣ ወንበርህን ወደፊት ስበህ ትቀመጣለህ። የቴሌቪዥኑ ዳኞች ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት የእኛን በጣታችን ማሳየት ነበረብን፤ ከእነሱ በኋላ የሰጠሁትን አትቀበለኝም። እኔ ስምንት ሳወጣ አንተ አምስት፣ እኔ ዘጠኝ ስል አንተ ስድስት። አሥር ሰጥተህ አታውቅም። አምና ያቺ የፊልም ተዋናይ ቻቻ ስትጨፍር አራት ሰጠሃት። "የሚጨፍረው ፊቷ ነው፤ እግሯ ገና አልደረሰም" አልክ። በዚያው ሳምንት ተሰናበተች።

የተጣላንበትን ቀን አስታወስከው? አንድ ዘፋኝ የሟች እናቱን ፎቶ አሳይቶ፣ አልቅሶ ዋልዝ ጨፈረ፤ ያን ሦስት ሦስት እየተቆጠረ እየተሽከረከሩ የሚሄዱበትን። አዳራሹ ሁሉ ተነሣለት። እኔም በእንባ አሥር ጣቴን ዘረጋሁ። አንተ አምስት።

"አንተ ልብ የለህም?" አልኩህ።

"እናቱን ነፍስ ይማር። እግሩ ግን ሲስት አይቻለሁ። እንባ ማስረጃ አይደለም፣ ውብነሽ።"

እስከ ራት ሳንነጋገር ቆየን። ከዚያ አንተው አንድ የቆየ ክስ ማውራት ጀመርክ። ወደ ጥርባ ያሉ አንዲት ባልቴት የጎረቤታቸውን ድንበር ገፍተው ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለው ተከሰሱ። ችሎት ፊት ተንበርክከው ሲያለቅሱ አጠገብህ ያሉት ዳኞች አንገታቸውን ደፉ። መሬቱ ግን የጎረቤታቸው ነበርና ፈረድክባቸው። ያን ቀን ቤት ገብተህ እህል ሳትቀምስ እንደተኛህ አስታውሳለሁ፤ ሆዴን አሞኛል ነበር ያልከኝ። ምክንያቱን የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ዘፋኝ ዋልዝ ሰበብ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አንተው ከወንበርህ ተነሣህና እጅህን ዘረጋህልኝ። "በሩን ዝጊው፤ ነገ ችሎት አለብኝ" አልክ። በካልሲ፣ ምንጣፉን ጠቅልለን፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልክ ውሳኔ በምታነብበት ድምፅ ስትቆጥር ሳቄ አላስኬድ አለኝ። ጉልበትህ ጠረጴዛውን መታው። ኩላሊትህ መታመሙን ገና አላወቅንም ነበር። ወገብህን ይዘህ ቁጭ ስትል እርጅና ነው ብለን ሳቅን።

አሁን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፍልህ፤ ያለፈው እሑድ የሆነውን።

ልጃችን ማስተዋል ከባሕር ዳር ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ "እማ፣ ያቺ አባዬ አራት የሰጣት ተዋናይ ዛሬ ትመለሳለች። ባሏ ሞቶባታል። ለእሱ ዋልዝ ልትጨፍር ነው፤ እዪያት" አለችኝ። በሐዘን ቤት ጭፈራ አይታይም ብዬ ዘጋሁት።

እትዬ አገሬ የልጅቷን ድምፅ ሰምተው ምን እንዳለች ጠየቁኝ። የተዋናይዋን ነገር ሳላነሣ፣ ወንድማቸው በየእሑዱ የሚያየው የዳንስ ውድድር መሆኑን ብቻ ነገርኳቸው።

"ማ? አያሌው? ጭፈራ?" አሉ። ከዚያ ሳቁ። ከቀብርህ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ሳቁ መኻሉ ላይ ተሰበረና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ቆይተው ተነሡና ሽፋኑን ራሳቸው አነሡት። "ድምፁን አታሰሚኝ፤ ጎረቤት ይታዘበናል። ወንድሜ ያየውን ልየው ብቻ" አሉ።

ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩት። ተዋናይዋ ብቅ አለች። ከስታለች። ያለ ጌጥ፣ ረዥም ቀሚስ ለብሳ፣ ከአሠልጣኟ ጋር መዞር ጀመረች። ሙዚቃ አይሰማ፣ ንግግር አይሰማ፤ የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። አንዴ እግሯ ሳተ። አንተ ብትኖር ምላስህን ጠቅ የምታደርግበት ቦታ ነበር፤ ሳላስበው ወደ ወንበርህ ዞርኩ።

እትዬ አገሬ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ "ይች ሴት ሰው ሞቶባታል" አሉ።

ማን ነገራቸው? ድምፅ የለም፤ እኔ አልነገርኳቸውም። "በምን አወቁ?" አልኳቸው።

"እጇን እይው። ይኸን ሰውየ አልያዘችውም። ሌላ ነው የያዘች።"

እጇን አየሁት። በአሠልጣኙ ትከሻ ላይ ነው፤ ግን አይነካውም፤ ከትከሻው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁመቱ የሚበልጥ ሰው ላይ እንዳረፈ ሆኖ ነበር። እትዬ አገሬ ባላቸውን የቀበሩት ገና በወጣትነታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አላገቡም። ይህን ሁሉ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚያ ሰው አንድ ቃል ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ዳንሱ አለቀ። እንደ ልማዳችን ዳኞቹን ሳልጠብቅ ጣቴን አወጣሁ። ስምንት። እትዬ አገሬ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱስ ቢኖር ስንት ይላት ነበር?"

ልመልስላቸው እጄን አነሣሁ፤ ስንት ጣት እንደማወጣልህ ግን አላወቅኩም።

አያሌው፣ ስለ አንተ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሻይ ስታማስል ማንኪያውን የምታቆምበትን፣ ነገር ሲያስከፋህ የምትነካካውን የሸሚዝ ቁልፍህን አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም። አራት ትላት ነበር? ወይስ እንባውን ከእግሯ ላይ ስላየኸው ማስረጃ ነው ትል ነበር? ሬሳህን ሳጥብ ያልገባኝ፣ አፈር ሲለብስ ያልገባኝ ሞትህ ያን ጊዜ ገባኝ። ከእንግዲህ ስለምንም ነገር ምን እንደምታስብ የምጠይቀው ሰው የለም። ስንሟገትበት የኖርነው የጣት ቁጥር እንኳ ከእኔ ወገን ብቻ ቀረ። እትዬ አገሬ እጄን ያዙኝ። ሲመሽ በቋንቋቸው ስምህን ጠሩ። ያን ቀን ከክፍሌ ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቃሉን አንድ በአንድ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

በማግስቱ ማስተዋል መልሳ ደወለች። እኔ ስምንት መስጠቴን ስነግራት፣ "አባዬ ቢኖር አሥር ይሰጣት ነበር" አለች እያለቀሰች። ምን ልበላት? ልጅህ ናት፤ ናፍቀሃታል። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፈራሁ። በለቅሶህ ላይም ሰዎች ተቆጥቶ አያውቅም፣ ማንንም አስከፍቶ አያውቅም ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀስ በቀስ ሁሉም እንደሚመቸው አድርጎ ያለሰልስሃል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማላውቀው ደግ ሽማግሌ ሆነህ እንዳትቀርብኝ ሰጋሁ።

ስለዚህ ሆዴ፣ ቃል የምገባልህ ይህን ነው። እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። ፈርደህ ጦምህን ያደርክበትን ሌሊትም፣ የተኳረፍንበትን እሑድም፣ በካልሲ የቆጠርክልኝን አንድ ሁለት ሦስትም። በስምህ ደግ ቃል አልጨምርም፣ ክፉም አልጨምርም። ማስተዋል ክረምቱ ሳይወጣ ትመጣለች፤ አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ። የማላውቀውን ስትጠይቀኝ፣ አባትሽ ይህን ሳይነግረኝ ሄደ እላታለሁ።

ባለቤትህ ውብነሽ