የወይዘሮ አርዲት ስትሪክና የባለ አንድ ጉርሻ ሽጉጣቸው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዲት ኬስለር ስትሪክ ከአባታቸው ከአቶ አምብሮዝ ኬስለርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሌቲሻ ሃርት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1931 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ፣ በፖተር አውራጃ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ ባለው ቤት ተወለዱ። አባታቸው ለአዋላጇ መንገድ ለመክፈት በረዶ ሲዝቁ ቆይተው ሲመለሱ፣ ሕፃኗ ተወልዳ፣ ጡት ጠብታ ተኝታ ነበር። እናታቸው "ይቺ ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር አታውቅም" አሉ ይባላል። በዚህ እንኳ ተሳስተዋል። አክስቴ አርዲት ስማቸው የተጠራው በመጠበቅ ነው።

ይህን የጻፍኩት የወንድማቸው የአቶ ሮይደን ኬስለር ልጅ ማርላ ነኝ። አባቴ እዚሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤላቸው ግማሹን ተቃውመዋል። የተቃወሙት ግማሽ የተሻለው ሆኖ ስላገኘሁት ሁለቱንም አቅርቤዋለሁ።

አክስቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከ1956 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸው ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርክረዋል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁን አድርሰዋችኋል፤ አንዳንዶቻችሁንም በጆሯችሁ ይዘው አውርደዋችኋል።

በሰኔ 1953 ዓ.ም. ከአቶ ሎዌል ስትሪክ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አጎቴ ሎዌል ፖስታ አዳይና የዚህ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሲሆኑ፣ በፖተር አውራጃ የማያድኑ ብቸኛው ጤነኛ ወንድ እንደሆኑ ይነገርላቸው ነበር። ምክንያቱ ሃይማኖትም ፍልስፍናም አይደለም። ደም ሲያዩ ይወድቃሉ። ያኔ አያቴ አምብሮዝ አዝነው "ልጄ፣ ከወንድ ሁሉ መርጠሽ ይህን?" ቢሏቸው "አባባ፣ እኔ ማደን እችላለሁ። እሱ ደግሞ ፒያኖ ይችላል። ቤቱ ምን ጎደለው?" አሏቸው። በትዳራቸውም ኒውተንና ቨርና የተባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል።

ማደኑን እንደሚችሉ የነገሯቸው እውነት ነበር። አያቴ አክስቴን ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ ከኅዳሩ የምስጋና በዓል በኋላ ባለው ሰኞ፣ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ዕለት፣ ወደ ጫካው ጎጆ ይወስዷቸው ነበር። ጎጆውን ለሁለቱም ልጆቻቸው ሲያወርሱ "የሚያድን ይደርበት" ብለው ነው የሞቱት። ከምድጃው አጠገብ ያለው የላይኛው አልጋ የአክስቴ ነበር። የጎጆው ሞቃት ቦታ ይኸው አንድ አልጋ ብቻ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት አክስቴ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ በበረዶ ተንሸራተው ቀኝ ትከሻቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ "ከእንግዲህ የጠመንጃ ሰደፍ ይህን ትከሻ መንካት የለበትም" አሏቸው።

"ሽጉጥስ?" አሉ አክስቴ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የሚከለክል ነገር ስላልተናገሩ ግን አክስቴ ፈቃድ አድርገው ያዙት።

አባቴ በበኩላቸው ጊዜ አላጠፉም። ያንኑ ሳምንት ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ያመጡትን ኬክ ራሳቸው እየበሉ ወሬውን ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ፣ "እህት ዓለም፣ የላይኛውን አልጋ ለሚስቴ ወንድም ልሰጠው አስቤአለሁ። አባባ ያሉትን ታውቂያለሽ፤ የሚያድን ይደርበት ነው ያሉት። አንቺ ከፈለግሽ መጥተሽ ወጥ ትሠሪልናለሽ" አሏቸው።

"ሮይደን፣ ኬኩን አስቀምጥና ውጣ" አሉ አክስቴ።

አባቴ ኬኩን ይዘው ወጡ።

በሚቀጥለው ፀደይ አክስቴ አንዲት ሽጉጥ ገዙ። እንደ ፖሊስ ሽጉጥ ካርታ ሙሉ ጥይት የምትይዝ አልነበረችም። ወገቧን ሰብረው አንድ ጥይት ያጎርሷታል፤ ተኩሰው እንደገና ካልከፈቷት ሌላ አትቀምስም። አፈሙዟ ረጅም ነው፤ ሲፈለግም ተፈቶ በሌላ ይቀየራል። በላይዋ ላይ የዒላማ መነጽር ይታሰርባታል። አክስቴም አዲስ መነጽር መግዛት ምን ያስፈልጋል ብለው ከአባታቸው ጠመንጃ ላይ ፈትተው አሰሩባት።

አንድ ቅዳሜ ከጋጣው ጀርባ ሄዱ። ሽጉጧን በተዘረጋ ክንድ ይዘው በመነጽሩ ቢያዩ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብቻ ታየቻቸው። ቀረብ አደረጉት፤ ትንሽ ሰፋ። አሁንም ቀረብ አደረጉት። መነጽሩ ቅንድባቸውን ሊነካ ሲል ዓለም ሁሉ ጥርት ብላ ታየች፤ ዒላማ ያደረጉት ቆርቆሮም ከነዝገቱ። ቃታውን ሳቡ።

ሽጉጧ እንደ በቅሎ ተራገጠች። የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድባቸውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከፈተው። አጎቴ ሎዌል ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ደረሱ፤ የሚስታቸውን ፊት አዩ፤ ወዲያው እዚያው ሣሩ ላይ ተዘረሩ። አክስቴ በአንድ እጅ ፎጣ ቅንድባቸው ላይ ይዘው፣ በሌላው መሪ እየዘወሩ፣ ሁለት በሽተኛ ይዘው ወደ ክሊኒክ ነዱ። ሰኞ ዕለት የአውቶቡሱ ልጆች "ማን መታሽ?" ብለው ቢጠይቁ "የማታውቀውን ነገር አውቃለሁ ያለች አንዲት ሴት" ብለው መለሱ።

የጎደላቸውን የነገሯቸው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ተርሎ ቤክ ናቸው። ዶክተር ቤክ በሽጉጥ ከሚያድኑት ጥቂት የአውራጃው ሰዎች አንዱ ነበሩ። አክስቴ ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ሳለ ስለ ቅንድባቸው ጠየቋቸው። አክስቴ አፋቸው በጥጥ እንደተሞላ ታሪኩን ቢነግሯቸው፣ ሐኪሙ የሳቁት ሳቅ በውጭ ያሉትን ታካሚዎች አስበርግጓል።

"ወይዘሮ ስትሪክ፣ ያሰሩት እኮ የጠመንጃ መነጽር ነው። እሱ ለቅርብ ዓይን የተሠራ ነው። ለሽጉጥ በክንድ ርቀት የሚታይ ራሱን የቻለ መነጽር አለ። ሌላ ቅንድብ ሳይከፍቱ ቅዳሜ ወደ እኛ መተኮሻ ይምጡ" አሏቸው።

ሄዱ። ዶክተሩ መጀመሪያ ትልቁን አፈሙዝ አስፈትተው በጣም ትንሽ ጥይት የሚተኩሰውን አስገጠሟቸው። "መራገጧን ከለመድን በኋላ እንመልሰዋለን፤ ዓይናችን መጨፈን ከለመደ ግን አይመለስም" አሉ። ከዚያም ባዶ ሽጉጥ አስይዘው ቃታ ብቻ አሳቧቸው። መነጽሩ አዲስና ትክክለኛ ቢሆንም፣ በተዘረጋ ክንድ ዒላማን ማግኘት በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ሆነባቸው። በመነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ዛፉ ላይ ነው ሲሉ ሰማይ ላይ፣ ሰማይ ላይ ነው ሲሉ ጫማቸው ላይ ይሆናል። ቁጭ ብለው፣ ጀርባቸውን ግንድ አስደግፈው፣ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያሳርፉ ግን ነገሩ ረጋ አለ። ትልቁ አፈሙዝ ከተመለሰ በኋላም ርግጫው በመዳፍና በክንድ አልፎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ትከሻቸውም አላጉረመረመም። አክስቴ ቃታ ሊስቡ ሲሉ ዶክተሩ ከሙያ ልማድ የተነሳ "አሁን ትንሽ ይሰማዎታል" ይሏቸው ነበር።

ሕጋቸው አንድ ሆነ፦ ፓይ የሚባለው ኬክ የሚጋገርበትን ቆርቆሮ ሁልጊዜ ከማይስቱበት ርቀት አልፈው እንስሳ ላይ አይተኩሱም። ለዚህ ልምምድ የሚሆን ቆርቆሮ ከየት እንደመጣ በዚያ መኸር ታወቀ። በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ የወጥ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ኦፓል "አርዲት! ይህ የዱባ ፓይ ከታች ያነባል!" ብለው ቆርቆሮውን ወደ መብራት አነሡት። በቀዳዳው ቄሱ ታዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮዎች በቁልፍ ተቀመጡ።

በዚያ ዓመት አደኑ ሲከፈት አክስቴ ሽጉጣቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ጎጆው ገቡና ሻንጣቸውን የላይኛው አልጋ ላይ ጣሉ። በማግስቱ ግሩም ቀንዳም አጋዘን ከሸለቆው ማዶ ሲግጥ አዩ። ርቀቱ ከሕጋቸው ያለፈ ነበር። እስኪሄድ ድረስ ተቀምጠው አዩት። እራት ላይ ይህን ሲናገሩ የጎጆው ወንዶች ጠረጴዛ ደበደቡ።

"አንድ ጥይት ይዘሽ ወጥተሽ ያንኑ አንድ ይዘሽ ተመለስሽ!" አሉ አባቴ።

"አንተ አምስቱን ተኩሰህ ምን ይዘህ ተመለስህ?" አሉ አክስቴ።

አባቴ ድንች እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ። ሆኖም ወቅቱ አክስቴ ሳይተኩሱ አለቀ፤ አባቴም "ለከርሞ ካልተሳካልሽ አልጋውን እወስደዋለሁ" ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። አክስቴ እሺ አሉ።

በ1980 ዓ.ም. የመክፈቻ ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። አክስቴ አንድ የቢች ዛፍ ተደግፈው፣ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ረፋድ ላይ ከኮረብታው ላይ የአባቴ ጠመንጃ አከታትሎ ጮኸ። አንድ ቀንዳም አጋዘን ቁልቁል እየጋለበ መጣ፤ አክስቴ ካሉበት ብዙም ሳይርቅ ቆመና ያ ሁሉ ጫጫታ የማን እንደሆነ ለማየት ዞሮ ተመለከተ። አክስቴ እንደነገሩኝ ልባቸው በጣም ከመምታቱ የተነሳ መስቀሉ በመነጽሩ ውስጥ እየዘለለ ነበር። "የመጣሁት ለአልጋ አይደለም" ብለው ለራሳቸው ነገሩት፤ "ካልረጋ አልተኩስም።" ተነፈሱ። ረጋ። አንዲቷን ጥይት ለቀቁ።

አጋዘኑ ጥቂት ዘሎ ወደቀ። አክስቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ተንበረከኩ። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ።

"የኔ ነው! እኔ ነኝ የመታሁት!"

"ስንት ጊዜ ተኮስህ?"

"አምስት!"

"ስንት ቀዳዳ ታያለህ?"

አባቴ አጋዘኑን ዞሩት፤ ገለበጡት፤ እንደገና ዞሩት። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

"ሁሉም በአንዱ ገብተው ይሆናል" አሉ።

በዚህ መሐል አጎቴ ሎዌል ተኩሱን ሰምተው ከመኪናው ገመድ ይዘው መጡ። "አርዲት፣ ተሳካልሽ?" አሉ፤ በረዶው ላይ ያለውን ደም አዩ፤ ከነገመዳቸው ወደቁ።

አክስቴ ባላቸውን ተመለከቱ፤ አጋዘኑን ተመለከቱ፤ ወደ መኪናው የሚያወጣውን ዳገት ተመለከቱ። ከዚያም "ሮይደን፣ አጋዘኑ ያንተ ከሆነ ጎትተህ ውሰደው፤ እኔ ባሌን ይዤ እሄዳለሁ። የኔ ከሆነ ግን ወንድሜ ነህና ሁለቱንም ታግዘኛለህ፤ እኔም አግዝሃለሁ" አሉ።

አባቴ ዳገቱን አዩት። አጋዘኑ ትልቅ ነበር።

"ያንቺ ነው" አሉ።

ይህን ያገኘሁት አባቴ ከተቃወሙት ግማሽ ውስጥ ነው። ድካም አስገድዷቸው እንጂ አምነው እንዳልተናገሩ እንድጽፍላቸው ጠይቀዋል፤ ጽፌአለሁ። ሆኖም ከዚያ በኋላ ስለ አልጋው ያነሣ ሰው አልነበረም። አክስቴም በሽጉጥ ማደን ለመጀመር ለሚፈልግ ሁሉ፣ በተለይ ለአውራጃው ሴቶች፣ በጋጣው ጀርባ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አባቴ ራሳቸው ጉልበታቸውና ትከሻቸው ሲደክም በ1996 ዓ.ም. ሄደው ተምረዋል። በትምህርቱ መሐል ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩንም፤ የወይዘሮ ኦፓል ቤት ግን ከማዶ ስለሆነ ጥቂት ጥቂቱን ሰምተናል።

አክስቴ አርዲት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው መስከረም 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ81 ዓመታቸው በገዛ ቤታቸው ዐርፈዋል። አባቴ በየዕለቱ እየሄዱ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት ብዙም አልተከራከሩም። ቄሳችን በመጨረሻዋ ቅዳሜ "እናታችን፣ የሚያስፈራዎት ነገር አለ?" ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

"ለራሴ የለም። ሎዌል ግን ልብስ ማጠቢያውን አስነሥቶ አያውቅም። ሰው ያሳየው" አሏቸው።

ከባለቤታቸው ከአቶ ሎዌል፣ ከልጆቻቸው ከኒውተንና ከቨርና፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ከአቶ ሮይደን ተለይተዋል። ልጆቻቸው ልብስ ማጠቢያውን ለአባታቸው ሊያሳዩ ቢሞክሩ፣ አጎቴ ሎዌል "እኔው እችላለሁ" ብለው ትናንት በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን አጥበዋል። ዛሬ ኦርጋኑ ፊት ስታዩዋቸው ሸሚዛቸው ለምን ሮዝ እንደሆነ አትጠይቋቸው፤ ከአክስቴ ቀይ የአደን ካልሲ ጋር ነው ያጠቡት።

ቸሩ አምላክ አክስታችንን ሞቆ በተሰናዳ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለአጎቴ ሎዌልም ብቻቸውን የሚነጋባቸውን ጠዋት ያቅልልላቸው። አሜን።