ቢጫው ላይ ለደረሰው ክንድ ስለተሰጠው ሜዳሊያ

ለተከበሩ መምህር ዘርአብሩክ
የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ መምህር፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ሙሉ ጤና፣ ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩ የምግብ ፍላጎት እንዲኖርዎ እመኛለሁ። የምግብ ፍላጎትን ለይቼ ያነሳሁት እርስዎ የጤና ክበቡን ከያዙ ወዲህ ከግቢያችን እየጠፋ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። በሚኒ ሚዲያ ባነበው ይሻል ነበር፤ ማይክ ስይዝ ግን ድምፄ ስለሚጠፋ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ወስኛለሁ። ሁለት ዓመት ትምህርት አቋርጬ የተመለስኩ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝና የፊደል ስህተት ካገኙ በቀይ እስክሪብቶዎ ያርሙልኝ፤ ሌላውን ግን እንዳለ ይተዉልኝ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ከስልክዎ ላይ አይተው ያመጡልን የሃያ አንድ ቀን ቻሌንጅ ብዙ አስተምሮናል። ጠዋት የሎሚ ውሃ፣ ቀን ኪያር፣ ማታ ትዕግሥት ነበር የታዘዘልን። ሎሚውና ኪያሩ ከደጋ በመኪና እስኪመጣ እየጠበቅን፣ ማንጎ በየዛፉ ሥር ወድቆ በሚበሰብስበት ወር ማንጎን ስኳር አለው ብለው መከልከልዎ፣ በቆሎን ያወፍራል ማለትዎ፣ የባሮን ዓሣ ደግሞ መኖሩን እንኳ መርሳትዎ ከሩቅ የመጣን ምክር ምን ያህል እንደሚያከብሩ አሳይቶናል። በመጨረሻም ክንዷ ከሁሉም በላይ የቀጠነላትን ሊናን፣ የአንድ ዴስክ ጓደኛዬን፣ ሜዳሊያ አጥልቀውላት የጤናማ አመጋገብ አምባሳደር ብለዋታል። አርብ አርብም ትንንሾቹን ተማሪዎች እንድትመክር ማይኩን ሰጥተዋታል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም መዳፌን እስኪያመኝ አጨበጨብኩ፤ ባላጨበጭብ ኖሮ ፊቴ ላይ ያለው ነገር ይታይ ነበር።

ከምስጋናው ቀጥዬ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ክንዳችንን የለኩበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው መለኪያ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠራ ወዳጅዎ የሰጠዎ እንደሆነ ነግረውናል። ከየት እንደመጣ ነገሩን እንጂ ለምን እንደተሠራ አልነገሩንም። ጎረቤታችን አክስት ኛኮንግ እዚያው መጠለያ ውስጥ የነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ክንድ በዚሁ ዓይነት መለኪያ ስትለካ ነው የምትውለው። ሊና ሜዳሊያዋን አጥልቃ፣ መለኪያው ክንዷ ላይ ታስሮ ቢጫው ላይ እንዳረፈ የተነሳችውን ፎቶ ባሳየኋት ጊዜ አክስት ኛኮንግ አልሳቀችም። “ይቺን ልጅ ለተጨማሪ ምግብ መዘገቧት?” ብላ ነው የጠየቀችኝ። ቢጫ እዚያ ምግብ አንሷታልና አብሏት ማለት ሲሆን፣ እርስዎ ዘንድ ግን ያስጨበጭባል። እኔ አረንጓዴው ላይ ስለቀረሁ መጨረሻ ወጥቻለሁ። በዚያች ቀን “አይዞሽ፣ ገና ትቀንሻለሽ” ብለው ስላበረታቱኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ይህኛው ቅሬታ የቅናት ነው፤ አልደብቅዎትም። የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ እህቴ አጁሉ ከወባ ስትነሳ ደም አንሷት መንገድ ላይ ወደቀች። እኔም ስመረመር ከእሷ ብዙ አልሻልም ነበር። እናታችን ዲማ ወረዳ ሄዳ ወርቅ ለሚቆፍሩ ሰዎች ምግብ እያበሰለች ወር እየቆየች ስለምትመጣ ድስቱ የእኔ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትለውጪ፣ አንድ ነገር ይዘሽ ቆዪ አለችኝ። መጀመሪያ ቁርስ ሳንበላ ከቤት አለመውጣት ብቻ ነበር። ቀጥሎ፣ ነርሷ ደም እንዳይሞላ ያደርጋል ስላለች፣ ሻይን ከምግብ ጋር መጠጣት ተውን፤ ይህች ብቻ ሁለት ወር ፈጀችብኝ። ከዚያ ከበቆሎው ገንፎ ጋር ጎመን ወይም ባሚያ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ፣ ዓሣ ሲጠፋ ባቄላ ተጨመረ። ገንፎውን አልተውነውም፤ ማንጎውንም። አንዳንድ ቀን እኔ ሰንፌ ሻይና ዳቦ በልተን አድረናል፤ በማግስቱ ግን ወደ ለመድነው እንመለስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስናደርግ ማንም ፎቶ አላነሳንም። አጁሉ የባሮን ድልድይ ሳታርፍ ሮጣ ስትሻገር ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። የሊና ስም ግን በሃያ አንድ ቀን በትልልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ ወጣ። እሱን ላለማንበብ ወደ ክፍሌ የምገባው በጀርባ በኩል ዞሬ ነው።

፫ኛ. ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስለ ሊና ወገብ ነበር፤ እሷ ደግሞ ምንም አላጠፋችም።

፬ኛ. ዋናው ይኸኛው ነው። አጁሉ ሊናን በማይክ ከሰማች ጀምሮ ምሳ ዕቃዋን እንደሞላ ትመልሳለች። ከፌስታል ቀድዳ የራሷን መለኪያ ሠርታለች፤ በእስክሪብቶ ቀለም ቀባብታ ጠዋት ጠዋት ክንዷ ላይ ታስራለች። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የዓሣውን እሾህ ለቅሜ አቀረብኩላት፣ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት። “አንቺ አረንጓዴ ነሽ፤ ምን ታውቂያለሽ? ሊና እኮ አምባሳደር ናት!” አለችኝ። መምህር፣ ሜዳሊያውን ለሊና መስጠትዎን ቀስ ብዬ እለምደው ነበር። እህቴን ጨምረው መስጠትዎ ግን ከበደኝ። ትናንት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጀሪካኑን አስቀምጣ ግድግዳ ተደገፈች። ያንን አደጋገፍ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ዙር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ልጆች ሰኞ እንደሚጀመር በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁ። እንግዲህ የምለምንዎ መለኪያውን ወደ መጣበት እንዲመልሱና ሰኞን ተራ ሰኞ አድርገው እንዲተዉልን ብቻ ነው።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለቀጠነው ክንዳችንና ለተከለከልነው ማንጎ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ ድምፅ እሰናበትዎታለሁ።

በውድድሩ መጨረሻ የወጣችው
አሪየት ኦባንግ
ጋምቤላ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ለመለጠፍ ልወጣ ስል ሊና ቤታችን መጣች። ከውድድሩ ወዲህ ራሷን እንደሚያዞራት ነገረችኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። ዓሣ አቀረብኩላት፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። አጁሉ ብዙ አየቻትና ከዚያው ሳህን መቁረስ ጀመረች። አሥር ቀን ሙሉ እኔ እየለመንኩት እንቢ ያለኝ እጅ ነው። እኔ ግን ከቅናት የተነሳ ሳልበላ ቀረሁ። ስለዚህ ልመናዬን አሻሽያለሁ፦ አርብ ለሊና በማይኩ ፈንታ ምሳ ይስጧትና በትንንሾቹ ፊት ትብላ። እርስዎም አብረዋት ይቅረቡ። የእርስዎን ዓሣ እሾሁን ለቅሜ አመጣለሁ፤ ከሎሚ ውሃ ተነስተው ድንገት ምግብ ላይ ሲደርሱ እንዳይወጋዎት። ጭብጨባው ለሊና እንደሚሆን አውቃለሁ። ይሁን። እኔ የማየው አጁሉ ስትጎርስ ነው።