የአባቴ ረሽና የሄስተር ትከሻ

እኔ ዊልፍሬድ ትራንተር፣ የሽሮፕሸር ገበሬ፣ ዛሬ ኖቬምበር 9 ቀን 2006 በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የደከመው ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ጠበቃዬ ሚስተር ፔሪ ከተጠራጠሩ፣ በካዝናዬ ያሉትን ጠመንጃዎች ከነሠሪዎቻቸው በቃሌ ልጥራላቸው።

ቤቱና መሬቱ ለልጄ ለክላይቭ ይሁን፤ መሬት ይወዳል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኳቸውን ጠመንጃዎች «የሽማግሌ ብረታ ብረት» ይላቸዋልና እሱው ይሽጣቸው። የአባቴን ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ማደኛ ረሽ ግን እንዳይነካ።

ስለ ሸክላ ኢላማ ተኩስ ያለኝን አሳብ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል፤ ሆኖም ኑዛዜው የእኔ ነው። ሸክላው፣ በማሽን ወደ አየር የሚወረወረው ትንሽ ሳህን፣ ከፊት ካለው ጉድጓድ ወጥቶ የሚርቅበት ተኩስ አለ። ተኳሹ ሰደፉን ትከሻው ላይ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ለጥፎ ከጨረሰ በኋላ «ልቀቅ!» ይላል። ይህ በር ተከፍቶለት የሚገባ ጌታ ሥራ ነው። ከሁለት ማማዎች ሸክላ የሚወረወርበትም አለ፤ መንገዱ ስለማይለወጥ እንደ ዳዊት በቃል ይደገማል። እውነተኛው ተኩስ በጫካና በገደል አፋፍ እየተዞረ የሚተኮሰው ነው። አንዱ ሸክላ እንደ ጥንቸል መሬት ለመሬት ይንከባለላል፣ ሌላው ከዛፍ በላይ ይመጣል። ሸክላው እስኪታይ ድረስ ሰደፍ ከብብት በታች ይቆያል። ወፍ ቀጠሮ አይሰጥም።

ወዳጄ ኤድዊን ጎሴጅ እሑድ እሑድ በተኩስ ክበባችን ሲከራከረኝ የኖረ የጉድጓዱ ወገን ነው። የአባቴን ረሽም ሲመኝ ኖሯል። ምስክር ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ በሕጋችን ምስክር አይወርስም። ሚስተር ፔሪ ይህንን ቢያስጠነቅቁት፣ «ከዚህ ሰውዬ ጠመንጃ ከምወርስ እብደቱን ብመሰክር ይሻለኛል» ብሎ ብዕሩን ተቀበለ።

ረሹ ለልጄ ለሄስተር ይሁን። ነገር ግን በክበባችን ልማድ አስከሬኔ ተቃጥሎ አመዴ ጥይት ውስጥ ተሞልቶ እሷ በዚሁ ረሽ ሸክላ ላይ ስትተኩሰው፣ ሰደፉን ዝቅ አድርጋ ትጠብቅ። አስቀድማ ትከሻዋ ላይ ካደረገችው ረሹ ይሸጥ።

ይህ ሲነበብ ሄስተር በግርጌዬ ተቀምጣ ነበር። በየክረምቱ ያንን ረሽ ዘይት የምትቀባው እሷ ናት፤ ምን ያህል እንደምትወደው አውቃለሁ።

«አባዬ፣ እኔ እንደ ጎሴጅ ነው የምተኩሰው» አለች። «አንተን ለመሸኘት ብዬ ሌላ ሰው አልሆንም። ሽጠው።»

አባቴ የሚተኩሰው ነፍስ ያለውን ወፍ ብቻ ነበር፤ ሸክላ መተኮስ የሕፃን ጨዋታ ነው፣ ካልተውክ ረሹን አታገኝም ብሎኝ ነበር። ያኔ «ሽጠው» ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ግን ሳይሸጠው ለእኔ ተወልኝ።

ስለዚህ ሚስተር ፔሪ ቅድመ ሁኔታውን ይሰርዙ። ረሹ ያለ አንዳች ግዴታ የሄስተር ነው። አመዴን ጎሴጅ ጥይት ውስጥ ይሙላ፣ እሷ እንደወደደች ትተኩስ። አሳቤን ግን አልለወጥኩም፤ ተሳስታለች። ይህም ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ዊልፍሬድ ትራንተር

ምስክር፦ ኢኒድ ፓርጌተር፣ የክበቡ ሻይ አፍዪ፤ ሲናዘዙም ሲሰርዙም ነበርኩ።

ምስክር፦ ኤድዊን ጎሴጅ፤ «ተሳስታለች» ከሚለው በቀር ሁሉን አምኜ ፈርሜአለሁ።