ቼሎው ላንቴ ነው

ማክሰኞ

ማርቆስ ቼሎውን ይዞ ወደ መንደሩ ወደ ላንቴ ሄደ። ኮንሰርቱ እስኪያልፍ እዚህ ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ፣ ከእኛ ጋር እንዲያድር ለመንነው፤ እምቢ አለ። እናቱ ብቻቸውን ናቸው። የባጃጁ ሹፌር ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ አሰረለት። ቼሎው፣ ሰው የሚያክለው ባለ ክር መሣሪያ፣ በጠንካራ ሳጥኑ ከጎኑ ተቀመጠ። ከኋላ ለሚያያቸው ባልና ሚስት ይመስሉ ነበር። ሳቅን።

አሁን ግን ደስ አላለኝም። ከተማው ላይ ፀሐይ ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ተራራው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት፤ እኛ ዘንድ ዝናብ የሚያገኝህ አናትህ ላይ ሲዘንብ ነው። እዚህ ደጋው ላይ ይዘንብና ቆላ ያለውን ሰው በጠራራ ፀሐይ ይወስደዋል። ይህንን የነገረኝ ማርቆስ ነው። በራፋቸው ላይ የሚያልፈውን ወንዝ «እሷ» ነው የሚላት። «ስትጮህ አልፈራትም፤ ዝም ስትል ነው» አለኝ አንድ ቀን።

ልምምዱ ጥሩ ነበር። የሙዚቃው ቀርፋፋ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰበር ዘለቀ። አራት ነን፦ ማርታ አንደኛ ቫዮሊን፣ ቢንያም ሁለተኛ፣ እኔ ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀውን ቪዮላ፣ ማርቆስ ቼሎ። ማርታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም፤ ሙዚቃውን ሁሉ በጆሮዋ ነው የያዘችው። ስታስጀምረን በአፍንጫዋ ትንፋሽ ትስባለች፣ እኛ እሷን ሰምተን እንገባለን። በፊት በዓይን ጥቅሻ መጀመር ለምጄ ስለነበር ወራት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ሳላስበው አብሬያት ተነፈስኩ።

ቅዳሜ ነው ኮንሰርቱ። አራት ቀን ብቻ። እንቅልፍ እምቢ ሊለኝ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ

ማርቆስ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።

ቢንያም «ቻርጅ ጨርሶ ነው» አለ። ያለ ቼሎ ለመለማመድ ሞከርን። ወለል የሌለው ቤት ውስጥ እንደ መራመድ ነው። ተውነው።

ከልምምድ ስወጣ ገበያ ገባሁ፣ ሙዝ ልገዛ። ባለሙዟን አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ፍሬ ትመርቅልኛለች። ዛሬ መደቧ ግማሽ ባዶ ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ከላንቴ መኪና አልገባም። ሌሊት ውሃ መጣ አሉ።»

«ሰው ተጎድቷል?»

«እኔ እንጃ እህቴ። ሙዙን ብቻ ነው የነገሩኝ።»

ሳልገዛ ተመለስኩ።

አናጺው የመድረኩን ተዳፋት መውጫ ጨርሷል። ሰፊ ነው፣ ዊልቸር ያለ ሰው እርዳታ የሚወጣበት። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል! ቢንያም ላዩ ላይ ሮጦ ወጣ፣ ወረደ። እኔ ባዶውን መውጫ ማየት አልፈለግሁም።

ሐሙስ

እኔና ቢንያም በሚኒባስ ወጣን። ከጫኖ አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሰው ሁሉ ወርዶ ቆሟል። ድልድዩ የለም። አለ፣ ግን አይታይም። ቀይ ውሃ በላዩ ይሄዳል፤ የሙዝ ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ አንድ የሞተ በግ። ከማዶ ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች ተደርድረዋል። ሹፌሮቹ መኪናቸው ጥላ ስር ተኝተዋል።

በላይ በኩል ዞሮ በገመድ የተሻገረ አንድ ጎልማሳ አገኘን፤ ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ቢንያም ስለ ማርቆስ ጠየቀው፤ ዊልቸር ላይ የሚሄድ፣ ትልቅ ክራር የመሰለ ነገር የሚጫወት ብሎ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ዊልቸር አይቻለሁ» አለ። «ሙዙ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ተገልብጣለች።»

«ሰውየውስ?»

«ሰው የለባትም።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደንብ አላስታውስም። ቢንያም ክንዴን ይዞ ወደ ሚኒባሱ እንደመለሰኝ አውቃለሁ። ማርቆስ ልጅ ሳለ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል፤ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ውሃ ቤት ሲገባ ሌላው ሰው ይሮጣል። እሱስ? መንገድ ሙሉ ይህንን ብቻ ነበር የማስበው።

ለማርታ መንገር አቃተኝ። ቢንያም ነገራት። ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ አስገባች፣ ቆለፈች፣ እጇን ክዳኑ ላይ እንዳደረገች ቆየች። «ሰውየው ወንበሩን ነው ያየው» አለች። «ማርቆስን አላየም።»

ዓርብ

አስተባባሪያችን አቶ ደረጀ ጠዋት መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ደግ ሰው። አዳራሹ ተይዟል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከነአስተማሪያቸው ይመጣሉ። የቼሎውን ድርሻ በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ማግኘታቸውን ነገሩን። ሲናገሩ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

ማርታ «ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ» አለች። «ግን የኮንሰርቱ ፖስተር ላይ ‹አብረን› ተብሎ የወጣነው እኔና ማርቆስ ነን። ሲመቸን ብቻ አብረን የምንሆን ከሆነ ፖስተሩን ያውርዱት።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሞቷል ብዬ አይደለም...»

ቃሉን የተናገሩት እሳቸው ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ ማንም አላወጣውም ነበር።

ከምሳ በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ። መጀመሪያ የልጆች ጫጫታ፣ ከዚያ «ሰብሊ» ብሎ ስሜን የሚጠራ ድምፅ።

ማርቆስ ነው! ጮህኩ። ማርታ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ «አንተ ጅል! አንተ ጅል!» ብቻ ትላለች፣ እያለቀሰች።

ሲረጋጋ የነገረን ይህ ነው፦ ውሃው ማክሰኞ ሌሊት በሩን ገፍቶ ገባ። ጎረቤቶች ሊያወጡት ሲመጡ ማርቆስ መጀመሪያ ቼሎውን ጣሪያው ማገር ላይ እንዲያስሩለት አዘዘ። እናቱ እማማ አየለች «ለእንጨት ስትል ልትሞትብኝ ነው!» ብለው ረገሙት። አሰሩት፤ ከዚያ አንዱ ጎረቤት አዝሎት ከፍታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት አደረሰው። ዊልቸሩ በር ላይ ነበር፤ ውሃው ይዞት ሄደ። መብራት የለም፤ የሚሠራ ስልክ ከሰው ያገኘው ዛሬ ነው።

«ውሃው ጎድሏል። ነገ እመጣለሁ» አለ።

«በምን?»

«በሰው።»

ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ተራራው ዛሬም እንደ ከሰል ነው።

ቅዳሜ

በቃሬዛ መጣ። የሰፈሩ ወንዶች ተሸክመው ድልድዩን አሻገሩት፣ ከጫኖ በፒክአፕ። ቼሎው ደህና ነው፤ አንድ ክር ብቻ ተበጥሷል፣ በትርፍ ክር ተካነው። ማርቆስ ከስቷል፣ ክንዱ ላይ ረጅም ጭረት አለ። ተሸካሚዎቹ እንደ ሙሽራ አድርገው በአዲሱ መውጫ አወጡት። ተራ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፣ ወገቡን በጋቢ ከመደገፊያው ጋር አሰርነው፤ ጉልበቶቹን ቢንያም በነጠላ አሰረለት።

«እማማስ?» አልኩት።

«እምቢ አለች። ላሟን ለማን ትቼ? አለች። ጠዋት ወደ ቤት ተመልሳለች።» ድምፁ ተራ ነበር። ፊቱ ግን ተራ አልነበረም።

በዘጠኝ ሰዓት ጀመርን። አዳራሹ ሞልቷል፣ መቀመጫ ያጡ በመስኮት ያያሉ። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ፊት ለፊት ሆነው መዳፋቸውን መድረኩ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ማርታ ትንፋሽ ሳበች። ገባን። የመጀመሪያው ክፍል አለፈ፣ ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፤ ትንሽ ደፈርኩ።

ቀርፋፋው ክፍል መሃል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ፍንጭ እንኳን አልሰጠም፤ እንደ ጠጠር ወረደ። ወዲያው የራሴን ቪዮላ መስማት አቃተኝ። ማርታን አየሁ፤ ፊቷ ተለወጠ። እኛ ኖታ አለን፣ ዓይን አለን። እሷ የነበራት ድምፃችን ብቻ ነው፤ እሱም ተወሰደባት። የቫዮሊኗ ደጋን ሲያመነታ አየሁ። ከዚያ ወንበሯን ሳትነሳ ወደ እኔ ጎተተችና ጉልበቷን ከጉልበቴ አገናኘች። ገባኝ። ምቱን በጉልበቴ ሰጠኋት። ተያይዘን ሄድን።

ማርቆስ ኖታውን አያይም ነበር። ጣሪያውን ነበር የሚያየው። የሚጫወተው እጁ ነው፤ እሱ ራሱ ላንቴ ነበር። ሆኖም ጣቶቹ አንድ ቦታ እንኳን አልሳቱም። አዳራሹ ምንም አልሰማም። ኮንሰርቱን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት እነዚያ መዳፋቸውን ያሳረፉት ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ስንጨርስ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ፣ የእነሱ ጭብጨባ ነው፤ አዳራሹ ሁሉ እነሱን አይቶ ማጨብጨብ እንዳለበት ያወቀ ይመስላል።

ማርቆስ እጅ አልነሳም፣ ፈገግም አላለም። «ስልክ ስጡኝ» አለ።

እናቱ ጋ ደወለ። ደገመ። የጎረቤቶቹንም። ማንም አላነሳም። ተሸካሚዎቹ ፒክአፑ ላይ ዘለሉ፣ እሱን ግን አልወሰዱትም፤ «አንተን ስንሸከም እናትህን ማን ይሸከማል?» አሉት። ከዚህ የከበደ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

እሑድ

ሌሊቱን ሁላችንም ቢንያም ቤት ነበርን። ማንም ስለ ኮንሰርቱ አላወራም። ከተሸካሚዎቹ ወሬ አልመጣም።

ጎህ ሲቀድ አቶ ደረጀ መኪና ይዘው መጡ። ማርቆስን ከፊት አስቀመጥነው። ጫኖ ላይ የጎርፍ ሽታ ተቀበለን። ድልድዩ እንደገና ተውጧል። ቢንያምና አቶ ደረጀ ማርቆስን በእጃቸው ተሸክመው ዳር ድረስ ወሰዱት፤ እኔ ማርታን ይዣለሁ። ማዶ ሰው ተሰብስቧል፣ ሩቅ ነው፣ ፊት አይለይም። ማርታ «ምን ይታያል? ንገሪኝ እንጂ» ትለኛለች። ምን ልበላት? ሰዎች ናቸው። ቃሬዛ ይዘዋል። ቃሬዛው ላይ የተሸፈነ ነገር አለ።

ማርቆስ መጣራት ጀመረ። በጋሞኛ፣ በሙሉ ድምፁ። ውሃው ይውጠዋል። ደግሞ ተጣራ።

ከሰዎቹ መሃል አንዲት ቀጭን ሴትዮ ወጡ፣ የላም ገመድ ይዘው። እስከ ውሃው ጠርዝ መጡ። እጃቸውን እያወናጨፉ ብዙ ነገር ጮኹ።

«እሳቸው ናቸው! ቆመዋል!» አልኳት ማርታን። ክንዴን ጨመቀችው።

«ምን አሉ?» አለ ቢንያም።

ማርቆስ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «በዚህ ብርድ ያለ ጃኬት ማን አመጣህ አለችኝ።»

ቃሬዛው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም፤ እኛም ከዚህ ማዶ ጮኸን ለመጠየቅ አልደፈርንም። ውሃው እስኪጎድል እንጠብቃለን። ተራራው አልጠራም።