የግራ ወንበሬን ስለ ነጠቀኝ የዘመን አቆጣጠር

ግንቦት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ ደግሞ ሜይ 26 ቀን 2026፤ ሁለቱንም የጻፍሁት መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤዬን ከስምንት ዓመት በኋላ እንደ ደረሰ እንዳይቆጥርብኝ ሰግቼ ነው።)

ለክቡር አቶ ይትባረክ
የከፍታ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን፣ በዚያውም ወንበሬን መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦

እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? በሚያዝያ ወር ባሕር ዳርን ሊጎበኙ ሲመጡ ያን ሁሉ መንገድ በመኪና መምጣትዎን ሰምተን፣ የአየር መንገድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሳለ አንዲት የአውሮፕላን ወንበር እንኳ ከመንገደኛ ላለመሻማት ይህን ያህል መንገላታትዎ እኛን አብራሪዎችን እንባ አናንቆን ነበር። ቸሩ አምላክ ወገብዎን ይጠግንልን፣ የመኪናዎን ጎማ ይጠብቅልን፣ ቤተሰብዎን በጤና ያኑርልን።

እኔ ካፒቴን ፍሬ ስብሐት ጥዑመ ልሳን እባላለሁ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ በአብራሪዎች ዝርዝርዎ ላይ ከታች በኩል ስለምገኝ ዓይን ሳይደክም አይደርስብኝም። የምኖረው ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ እንጀራዬን የምበላው በአውሮፕላን የግራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለ ሆነና ሙያውን የማያውቅ አንባቢም ስለሚያየው፣ የግራው ወንበር የአዛዡ፣ የቀኙ የረዳቱ መሆኑን በክቡርነትዎ ፈቃድ ልግለጽ። የሁለቱም ስፖንጅ አንድ ነው። ልዩነቱ በግራ የተቀመጠው «እንመለስ» ሲል አውሮፕላኑ መመለሱ ላይ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ውሕደቱ። እኛ የባሕር ዳሮቹ «ደንገል አየር አገልግሎት» እንባል ነበር፤ እናንተ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ «ከፍታ አየር መንገድ»። በጥር ወር ሁለቱ ድርጅቶች «እኩል ለእኩል ተዋሐዱ» ሲባል፣ እኔ የመርጌታ ልጅ ነኝና ቃሉን ስሰማ ልቤ ሞቀ፤ ውሕደት ሲባል ከልጅነቴ የተማርሁት አንዱ ሌላውን ሳይውጥ፣ አንዱ በሌላው ሳይጠፋ የሚሆነውን ነውና። ከዚያ በኋላ ስሙ የከፍታ ሆነ፤ ቀለሙ የከፍታ፣ ማኅተሙ የከፍታ፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም የከፍታ። ከደንገል የተረፈው በባሕር ዳር ቢሯችን በር ላይ የቆመው የቆሻሻ ቅርጫት ሲሆን፣ እሱ ላይ ስማችን እስከ ዛሬ በደማቁ ተጽፎ ይነበባል። ለዚህ መታሰቢያ ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ስለ አውሮፕላኖቹ ምርጫ። ክንፋቸው ከላይ፣ ሞተራቸውም ከመሬት ራቅ ያሉትን አሮጌዎቹን ባለ ፕሮፔለሮች አሰናብተው፣ በምትካቸው ሞተራቸው መሬት ሊስም ምንም ያልቀራቸውንና ወፍም ሆነ ጠጠር ወደ ውስጥ የሚስቡትን ጀቶች ስለ ገዙልን ደስታችን ወሰን የለውም። በእርግጥ የሐይቁ ወፎች አዲሶቹን ሞተሮች ከእኛ ይበልጥ ሳይወዷቸው አልቀረም፤ ጠዋት ጠዋት ፔሊካኖቹ በመንደርደሪያው ጫፍ ተሰልፈው ሲጠብቁን ለአቀባበል የተጠሩ ይመስላሉ። የግዢው ጥናት «የአእዋፍ ስጋት፦ ዝቅተኛ» ይላል። ጥናቱ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ተካሄደ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ወፍ አልነበረም።

የዕቃ መደርደሪያውስ ነገር! ከጣና ገዳማትም ሆነ ከጎንደር ካህናት ይዘውት የሚጓዙት መቋሚያ በአሮጌው አውሮፕላን ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ የራሱ ቦታ ነበረው። የአዲሱ መደርደሪያ ርዝመት ግን ከመቋሚያው ያንሳል። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ዋና የበረራ አስተናጋጃችን እሌኒ ሌላ መላ ብታጣ አራት መቋሚያዎችን በአንድ ባዶ ወንበር አቁማ በቀበቶ አሰረቻቸው፤ እነሱም ስለ አደጋ ጊዜ መውጫ በር የሚሰጠውን ማብራሪያ ከማንኛውም መንገደኛ በተሻለ ጽሞና አዳምጠዋል።

ሦስተኛ፦ ስለ አገልግሎት ቅድሚያ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ወገብዎን ደገፍ አድርገው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በእኛ ሙያ ቀድሞ የተቀጠረ ይቀድማል፤ የግራው ወንበርም የሚገኘው በዚሁ ተራ ነው። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሐዱ ሁለቱ የቅጥር ዝርዝሮች አንድ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ከውጭ አገር አማካሪዎችን አስመጡልን። ደንገል የቅጥር ዘመናችንን የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነበር፤ ከፍታ ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር። አማካሪዎቹ ይህን ከየት ያውቁታል? ሁለቱን ዝርዝሮች ቀላቅለው ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ደረደሩና ጨረሱ። እኔ በፈረንጆቹ 2013 የተቀጠርሁት፣ በእኛው 2010 ከተቀጠረው የከፍታ አብራሪ ከምናሴ በታች ዋልሁ። አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ልጅ ሦስት ዓመት ቀደመኝ ማለት ነው። ምናሴ ደግሞ የራሴ ተማሪ ነው፤ አውሮፕላን ማሳረፍን በበረራ ትምህርት ቤት እጁን ይዤ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በዝርዝሩ መሠረት ግን እኔ ሥራ ሳልጀምር እሱ መንገደኛ ያመላልስ ነበር። ማን አስተማረው ለሚለው ዝርዝሩ መልስ የለውም።

አደይ የምትባል የከፍታ ረዳት አብራሪም አለች፤ የተቀጠረችው በጳጉሜን ነው። ኮምፒዩተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ከነጭራሹ ጣላት። እነሆ እስከ ዛሬ ሳትቀጠር ታበርራለች፤ ተራ የሌላት ስለሆነች በተራ የማትጣላ ብቸኛዋ ባልደረባችን እሷ ናት።

ዝርዝሩ በሐይቁ ዳር በሚገኘው ሆቴል በይፋ ሲቀርብ ስሕተቱን ያላየ የአስተዳደር ባልደረባ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ነገር ግን እንግዳን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ታላቁ እስኪናገር ጠበቀ። ታላቁ እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። እንግዶቹም ደስ ብሏቸው አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ለሰው ኃይል አስተዳደር አቤት ብል «2010 ከ2013 ያንሳል፤ ቁጥር ቁጥር ነው» የሚል ጥልቅ መልስ ተሰጠኝ፤ ዝርዝሩን መንካት የውሕደቱን ውል መንካት ስለሚሆንም እስከሚቀጥለው ውሕደት እንድታገሥ በትሕትና ተመከርሁ።

ዝርዝሩ በሥራ ላይ የዋለ ዕለት የሆነውን ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ሳይደርስዎ አይቀርምና ከእኔ ይስሙት። የጎንደር በረራ ነበር፤ መንገደኛው ገብቶ ተቀምጧል፤ እኔና ምናሴ በአብራሪዎች ክፍል በር ላይ ተገናኘን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ግራ ልቀመጥ? በሞቴ ይግቡ» አለኝ። እኔም «አይሆንም ልጄ፣ ዝርዝሩ አንተን ነው የሚለው፣ ግባ» አልሁት። እሱ «ጭራሽ አይደረግም» ይላል፤ እኔ «እኔ ልሙት» እላለሁ፤ አንዱ ሌላውን በትከሻው እየገፋ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። እሌኒ ከኋላ ሆና «ኧረ እናንት ሰዎች፣ መንገደኛው በሙቀት አለቀ! አንዳችሁ ግቡ እንጂ፣ ሠርግ ቤት መሰላችሁ እንዴ?» ብትል የሚሰማት ጠፋ። በዚህ መሐል ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠብ መስሏቸው ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ሁለት ሌሎች አዛውንቶችን አስከትለውም ሊያስታርቁን መጡ። ነገሩን ጠይቀው ተረዱና ታላቅየው ግራ እንዲገባ ፈረዱ፤ መርቀውን ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ፍርዱን ምን ያህል እንደወደድሁት ልነግርዎ አልችልም። ሆኖም የድርጅቱን መመሪያ አክባሪ ነኝና ቀኝ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ምናሴም የእሾህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ግራ ተቀመጠ። የዘገየንበትን ሰበብ በምንሞላበት ቅጽ ላይ የአየር ጠባይ፣ ብልሽትና ወፍ እንጂ መከባበር የሚል ሣጥን ስላልነበረ እኔው ሣጥን ሠርቼ ምልክት አደረግሁበት። በሳምንቱ «አላስፈላጊ አክብሮት በማሳየት በረራ ማዘግየት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት ብዛት የተቀጣ ሰው በዘራችን የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን በፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

እስቲ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ምናሴ ጎበዝ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ በራሱ ተራ ጥሩ አዛዥ ይሆናል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰኔ ሲገባ ደመናው በሐይቁ ላይ በድንገት ይቆለላል፤ አዛዡ በዚያች ቅጽበት ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ ማለት አለበት። ልጁ ግን ከመወሰኑ በፊት ዓይን ዓይኔን ያያል፤ እኔ ደግሞ ከመናገሬ በፊት ዝርዝሩን አስባለሁ። በወረቀቱ አዛዡ እሱ፣ በልባችን አዛዡ እኔ ስንሆን በመሐል አውሮፕላኑ አዛዥ ያጣል። ከኋላችን የተቀመጡት መንገደኞች ደግሞ ስለ ሁለቱ አቆጣጠሮች አልተጠየቁም።

በመጪው ሰኞ አዲስ አበባ ቀርቤ «በቀኝ ወንበር ለመቀጠል ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት እንድፈርም፣ ካልሆነ እንድሰናበት ታዝዣለሁ። አባቴ ደቅ ደሴት ላይ የሚያገለግሉ አረጋዊ መርጌታ ናቸው። ወደ ጎንደር ስንነሣ ደቅ በግራ መስኮት ትታያለች፤ እሳቸውም የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጥተው ነጠላቸውን ያውለበልባሉ። በርግጥ ስንመለስ ደሴቲቱ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ይህን የሚያህል ማጽናኛ እንዳለኝ አልክድም። ነገር ግን አባቴ ልጃቸው ካፒቴን ነው ብለው ለደሴቱ ሁሉ ተናግረዋል፤ ከእንግዲህ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። ከልቤ አዝኛለሁ። ወንበሬን እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከብዙው ሥራዎ መካከል ጥቂት ጊዜ ሰርቀው፣ ማናቸውም የቄስ ተማሪ በጣቱ የሚሠራትን የዘመን ማቀያየሪያ ሒሳብ አሠርተው ዝርዝሩን እንዲያስተካክሉልን፣ አደይንም እግረ መንገድዎን እንዲቀጥሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን በማድረግዎ ሊቀየሙ የሚችሉ አማካሪዎች ቢኖሩ እኔ ራሴ ዋስ ሆኜ ይቅርታ እጠይቅልዎታለሁ፤ አክብሮት እንደማያልቅብኝ በጽሑፍ ተመስክሮልኛል።

በትዕግሥትዎ ጥላ ሥር የሚኖር፣ በማስጠንቀቂያዎ የከበረ፣ በዝርዝርዎ ዝቅ ያለ፣ ሆኖም በሰላምታው ከማንም የማያንስ ታዛዥዎ፣

ካፒቴን ፍሬ ስብሐት ጥዑመ ልሳን
(ለጊዜው በቀኝ በኩል)
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር
ለአማካሪዎቹ፣ አድራሻቸውን የሚያውቅ ካለ
በመንደርደሪያው ጫፍ ለሚገኙ ፔሊካኖች

ድኅረ ጽሑፍ፦ በድርጅቱ መጽሔት ላይ በወጣው የሕይወት ታሪክዎ በ1962 ዓ.ም. መወለድዎን አንብበን ደስ ብሎናል። አብራሪዎቹ ተሰብስበን ይህን ዓመት የአማካሪዎቹን ዘዴ ተከትለን ሳናቀያይር በፈረንጆቹ 2026 ላይ ብንቀንሰው ዕድሜዎ ስድሳ አራት ሆኖ ተገኘ፤ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት አልፎዎታል ማለት ነው። ደጋግመን ሠራነው፤ አልተለወጠም፤ ቁጥር ቁጥር ነው። እንግዲህ በአንደኛው አሠራር እርስዎም እኔም በየወንበራችን እንቀመጣለን፤ በሌላኛው ሁለታችንም እንነሣለን። ሰኞ ጠዋት እርስዎ በፈረሙበት አሠራር እኔም እፈርማለሁ።