ሴራሚክ አይታጠፍም

ሰኞ

በካሬ አምስት መቶ ብር! ለእጁ ብቻ! ሴራሚኩን እኔ፣ ሲሚንቶውን እኔ፣ አሸዋውን እኔ፣ ምሳውንም እኔ። ሴራሚክ ሠሪው ተስፋዬ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና "ሰይዶ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ከዚህ የወረደ ካገኘህ እኔ በነፃ እሠራልሃለሁ" ብሎኝ ሄደ። የስንት ሰው ሱሪ ባሳጥር ነው ይኼን የማገኘው? ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ባለ ፎቅ አይደለሁም።

ግን ሩቅያ ሴራሚክ ትፈልጋለች። ባለቤቴ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች አምስተኛ ዓመቷ ነው። እንደሄደች ሰሞን የአሠሪዎቿን ሳሎን ፎቶ ላከችልኝ፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ምንም አልጻፈችበትም፤ ገባኝ። ታዲያ በዚህ የሲሚንቶ ሊሾ ላይ ነይ ልበላት? "ቤቱ ይለቅና ትመጫለሽ" እላታለሁ። "እሺ፣ ይለቅ" ትለኛለች።

ማክሰኞ

ራሴ እሠራዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ የቆረጠ እጅ ሴራሚክ ያቅተዋል? ካርቶኖቹ ተገዝተው ተቀምጠዋል። መቁረጫ ተከራየሁ። ሳሎኑን በልብስ ሜትሬ ስለካው ጎረቤቴ እትየ ዘሐራ በበሩ አዩኝና "ለቤቱ ሱሪ ልትሰፋለት ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ሩቅያ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። እንግዳ በዝቶባቸው ይሆናል።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። የጥጉን ሴራሚክ ሁሉ፣ እጄ እንደለመደው፣ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ እየተውኩ ቆርጬዋለሁ። ለማጠፊያ! ሱብሃነላህ፣ ሴራሚክ ይታጠፋል? አንዱም ቦታው አልገባ አለ። ትርፉን ልቀንስ ስል ተሰነጠቀ። ሌላውም እንደዚያው። አንድ ካርቶን ሙሉ ስባሪ፤ መሐል ላይ የለጠፍኩትም ጠሟል።

ተስፋዬ ወሬው ደርሶት መጣ። "አሁንማ ስድስት መቶ ነው፤ ያበላሸኸውን መንቀልም ሥራ ነው" አለ። ቀብድ ሰጠሁት።

ያቃጠለኝ ብሩ አይደለም። ይኼ ቤት በዘገየ ቁጥር እሷ ትዘገያለች። ናፈቀችኝ፤ ይኼ ለማን ይነገራል? እስከ ዛሬ አልጋው ላይ በራሴ በኩል ብቻ ነው የምተኛው።

ሐሙስ

ደወለች! የስባሪውን ፎቶ ልኬላት ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ። ሴራሚክሽ ነው፣ የስፌት ትርፍ ትቼለት ነው አልኳት። እስኪያስላት ሳቀች። ያረቢ፣ ያ ሳቅ! ስንት ጊዜዬ እሱን ከሰማሁ።

"ለመሆኑ ሴራሚክ ማን አለህ?"

አንቺ ነሻ፣ ፎቶ የላክሽልኝ አልኳት።

"ሰይዴ፣ እሱን የላክኩልህ እኮ ጉልበቴ እስኪላጥ የምወለውለውን እንድታይልኝ ነው። አይዞሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ 'ያምራል' አልከኝ። አሁን ደሞ እቤቴ መጥቼ ሴራሚክ ልወልውል?"

ብዬ ነበር። ያምራል ብዬ ነበር። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ታዲያ ለምን አልመጣሽም ብላት፣ "ቤቱ ይለቅ ስትለኝ፣ ሳያልቅ አትምጪ ያልከኝ መስሎኝ" አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ የስልኩ ካርድ እስኪያልቅ።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ተስፋዬ ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። "ሴራሚክ የማትፈልግ ሚስት አለች እንዴ?" ብሎ ተገረመ። ትናንት ለነቀለበት ቀንሶ የቀረውን ቀብድ መለሰልኝ፣ አላህ ይስጠው። ያልተከፈቱትን ካርቶኖች ባለሱቁ እቀበላለሁ ብሏል። ሁሉም ለቲኬቷ ነው።

"ለአረፋ እደርሳለሁ፣ እመቤቲቱ ከለቀቀችኝ" ብላለች። ያቺን "ከ" ፈራኋት።

እጄ ሥራ ሲፈታ ቀሚስ ልሰፋላት ጨርቅ አወጣሁ። ልክሽን ላኪልኝ ብላት "አምስት ዓመት ማን ለክቶኝ?" አለችኝ። ከስታ ይሁን ወፍራ አላውቅም። ሰፊ ትርፍ ትቼ ቆረጥኩት። ጨርቅ መቼም ይታጠፋል፤ ስትመጣ እላይዋ ላይ አጠብበዋለሁ።